ትራምፔት አይጀምርም

ለሙታን ስጸልይ በስም እጠራቸዋለሁ። የአባቴን፣ የእናቴን፣ የባለቤቴን የክርስትና ስም በየተራ ጠርቼ ጧፉን አጠፋ ነበር። ከዘንድሮው ዐቢይ ጾም ወዲህ ግን ጧፉን ከማጥፋቴ በፊት አንድ ሰው ይቀረኛል። የክርስትና ስም የላቸውም። ስለዚህ "ልጄን ያስተማሩትን ሰው አንተ ታውቃቸዋለህ" እላለሁ። ከዚህ በላይ የምለው አላገኘሁም።

ክሩ ሶምፖንግ ማረፋቸውን የሰማሁት ሥራ ላይ ሳለሁ ነው። እዚህ ቶሮንቶ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባለው ሰፈር የምረዳቸውን አሮጊት ቁርስ እያበላሁ ስልኬ ጠራ። የደወሉት ባለቤታቸው ነበሩ። "ክሩ ጠዋት ትንፋሹ ቆመ" አሉኝ በእንግሊዝኛ። አሮጊቷ ፊቴን አዩና ማንኪያውን ከእጄ ወስደው ራሳቸው መብላት ጀመሩ።

"ክሩ" በታይላንድ ቋንቋ መምህር ማለት ነው። እኛ በምንኖርበት ክሬሰንት ታውን፣ ከእኛ አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው ይኖሩ ነበር። ቀጭን፣ አጭር፣ በክረምትም በነጠላ ጫማ ሆነው አሳንሰር የሚጠብቁ ሽማግሌ ነበሩ። ሲቆሙ ግራ እጃቸው ሁልጊዜ ደረታቸው አጠገብ ነው፤ የማይታይ ነገር የያዙ ይመስላሉ። በኋላ ነው ትራምፔት የሚያዝበት እጅ መሆኑን የተረዳሁት።

ስለ እሳቸው ለመናገር ስለ ልጄ ጥቂት ማለት አለብኝ። ሶልያና አባቷን ያጣችው የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች ነው። ጠዋት ደህና ወደ ሥራ ወጣ፤ ከሰዓት በኋላ ልቡ ቆመ ብለው ደወሉልን። ቤታችን ለቅሶ ሲቀመጥ እሷ ለመጣው ሰው ውኃ ታቀርባለች፣ በር ላይ የተከመረውን ጫማ ትደረድራለች። ሴቶቹ ሲያለቅሱና ሲያስለቅሱ ቆማ ታያለች። አማርኛቸው አይገባትም። አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣትም። "ጠንካራ ልጅ ናት፣ ለእናቷ አዝና ነው" ተባለ። እኔ ግን ፈራሁ።

ፍርሃቴም አለምክንያት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ድምፅዋ ከቤታችን ጠፋ። በላሽ ወይ ስላት "ፋይን"፣ ትምህርት እንዴት ነበር ስላት "ፋይን"። ትምህርት ቤት ያለችው አማካሪ ጊዜ ስጧት አለችኝ። ጊዜ ሰጠኋት። ጊዜው አለፈ እንጂ ልጄ አልተመለሰችም።

ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ የሙዚቃ ክፍል ነበራት። ሌሎቹ መሣሪያዎች ተይዘው ትራምፔት ደረሳት። መኝታ ቤቷን ዘግታ ትነፋዋለች። ሙዚቃ አልነበረም፤ መኪና ጥሩምባው ተጣብቆ ሲቀር እንደሚጮኸው ነበር። ጎረቤት ተማረረ፣ የሕንፃው ቢሮም አስጠነቀቀን። አንድ እሑድ ከሰዓት በሩ ሲንኳኳ ያው አቤቱታ ነው ብዬ ገና ሳልከፍት ይቅርታ ማለት ጀመርኩ። ሽማግሌው ነጠላ ጫማቸውን አድርገው ቆመዋል።

"ማን ነው የሚነፋው?" አሉኝ።

ልጄ መሆኗን፣ አሁኑኑ እንደምታቆም ነገርኳቸው።

"አታቁም" አሉ። "ግን ተናዳ ነው የምትነፋው። የተናደደ ሰው አየር ቶሎ ያልቅበታል።"

ሶልያና ከመኝታ ቤቷ ብቅ ብላ ሰማቻቸው። ስለ እሷ እውነት የተናገረ ሰው ካየች ረጅም ጊዜ ሆኗት ነበር መሰለኝ፣ በሩን መልሳ አልዘጋችም።

ክሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሕንፃው ምድር ቤት ባለው የድግስ ክፍል ልጆች ያስተምሩ ነበር። የሚያስተምሩት ሉክ ቱንግ የሚባለውን የአገራቸውን ዘፈን ነው። የገበሬ ልጆች ዘፈን ነው አሉኝ፤ ሩዝ የሚያበቅል ማሳውን ትቶ ከተማ የገባ ሰው የሚዘፍነው። ወጣት ሳሉ ከአንድ የዘፈን ቡድን ጋር በጭነት መኪና እየዞሩ በየገጠሩ ትራምፔት ይነፉ ነበር። ቶሮንቶ መጥተው በምግብ ቤት ማብሰል ሲጀምሩ ትራምፔታቸው አልጋ ሥር ገባ። ጡረታ ሲወጡ አወጡት። የሚያስተምሯቸው ልጆች ከታይላንድ ቤተሰብም ከሌላም የተወለዱ ነበሩ፤ አንዳንዶቹ እንደ ሶልያና የዘፈኑን ቋንቋ ጭራሽ አያውቁትም።

መጀመሪያ ቀን አብሬያት ወረድኩ። ሰዎቹን አላውቃቸውም፤ ሴት ልጅ ናት። ጥግ ላይ ተቀምጬ ውዳሴ ማርያሜን ይዤ እየደገምኩ አያቸዋለሁ። ልጆቹ ትራምፔታቸውን ከነማኅደሩ ግድግዳ ሥር እንዲያስቀምጡ ታዘዙ። ከዚያ ዘፈን ተጀመረ። ሳምንታት አለፉ፤ ዘፈን ብቻ ነው። አንዱ ልጅ ትራምፔት ልማር ነው የመጣሁት ቢላቸው፣ "በአፍህ ያላወጣኸውን በብረት ታወጣዋለህ?" አሉት።

የሚያዘፍኗቸው የክሩ ባለቤት እትዬ ማሊ ነበሩ። እትዬ የምላቸው እኔ ነኝ፤ ለታላቅ እህት የሚባል ነው ብዬ ብነግራቸው ደስ ብሏቸው በስማቸው ላይ ጨመሩት። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ድምፃቸው ግን ኀዘን ያለበት ሴት ናቸው። ክሩ የሚያዘወትሩት አንድ ዘፈን ነበር። አንድ ሰው ከተማ ገብቶ ቀርቷል። ከአገሩ የመጣ መንገደኛ ባገኘ ቁጥር "ዝናቡ መጣ ወይ?" ብሎ ይጠይቃል። እናቱ ደህና ናት ወይ ማለት ፈርቶ ነው አሉኝ ክሩ። እትዬ ማሊ ጥያቄውን ይዘፍኑና የመጨረሻውን ድምፅ ያለ ቃል ጉሮሯቸው ውስጥ እያዞሩ፣ እያዞሩ ይለቁታል። ትራምፔቶቹ የሚገቡት ያን ጊዜ ነው።

"ትራምፔት አይጀምርም" ይሉ ነበር ክሩ። "ትራምፔት ይመልሳል። ዘፋኙ ያለቅሳል፤ ትራምፔት 'ሰምቼሃለሁ' ይለዋል። ሳይጠየቅ የሚመልስ ሰው ምን ይባላል?"

"ሾው ኦፍ" አለ አንዱ ልጅ፤ ጉረኛ ማለቱ ነው።

"ባል ነው የሚባለው" አሉ እትዬ ማሊ። "እዚህ እንዲህ ይላል፣ ቤት ውስጥ ሳይጠየቅ ነው የሚመልሰው።"

ልጆቹ ሳቁ። ሶልያና አልሳቀችም፤ ግን ቀና ብላ እትዬ ማሊን አየች።

እሷ ለመዝፈን ተራዋ ሲደርስ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ክሩ አልተቆጧትም፣ ለሌላውም አላሳለፉባትም። እጃቸውን መዳፉን ወደ ላይ አድርገው ዘርግተው ይጠብቃሉ። ልጆቹም መጠበቅ አለባቸው። ክፍሉ ጭጭ ይላል፤ የልብስ ማጠቢያዎቹ ድምፅ ከማዶ ይሰማል።  ይለፏት፣ አያሳፍሯት እላለሁ በልቤ። እሳቸው አየሯን እስክትጨርስ ይጠብቁና እጃቸውን መልሰው "ደህና፣ ቅዳሜ" ይላሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ያው ነው።

አንድ ቅዳሜ ድምፅ መጣ። ቀጭን፣ ከትንፋሽ ትንሽ ከፍ ያለ። ክሩ አላሞገሷትም። ወደ ግድግዳው ሄደው ማኅደሯን አነሱና ትራምፔቷን በሁለት እጃቸው ሰጧት። ያን ቀን ማታ መኝታ ቤቷ ስትነፋ በግድግዳው በኩል አዳመጥኳት። እንደ ቀድሞው አይጮኽም። ጎረቤትም ከዚያ ወዲህ ወደ ቢሮ አልሄደም።

ስለ እሳቸው ሳስብ ከሁሉ በፊት የሚመጣልኝ ግን ይህ አይደለም። በዓመት አንድ ቀን፣ ሐሙስ ዕለት፣ የታይላንድ ተማሪ ለመምህሩ የሚሰግድበት ሥርዓት አላቸው። ክፍሉ ስደርስ ጠረጴዛ ላይ አበባ፣ ሻማ፣ የሚጤስ እንጨት፣ የክሩ መምህር የነበሩት ሰው ፎቶ ተደርድሯል። ትራምፔቶቹ ነጭ ጨርቅ ላይ ተኝተዋል። ልጆቹ ተንበርክከው ግንባራቸውን ምንጣፉ ላይ ያደርጋሉ። ሶልያና ወደ እኔ ዞረች። ክሩን ወደ ጎን ጠራኋቸው።

"አይቀየሙኝ" አልኳቸው። "ልጄ ለዚህ ጠረጴዛ አትሰግድም። እምነታችን አይፈቅድም።"

ከትምህርቱ የሚያባርሯት መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን በአገራችን ተማሪ ለመምህሩ ምን እንደሚያደርግ ጠየቁኝ። ስለ የኔታ ነገርኳቸው። ፊደል የቆጠረ ልጅ የመምህሩን ጉልበት ይስማል፣ መምህሩም እደግ ብለው ይመርቁታል አልኳቸው። ክሩ ወንበር አነሱ። ከጠረጴዛው ርቀው፣ በሩ አጠገብ አስቀመጡትና ተቀመጡበት።

"ጠረጴዛው እዚያ ነው" አሉኝ። "እዚህ ያለው አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው።"

ሶልያና ሄዳ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ለሴት ልጅ ምን እንደሚባል ከእኔ ጠየቁ። "እደጊ" አልኳቸው። በእሳቸው አፍ "እዴኪ" ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርት ሲያልቅ ልጄ ጉልበታቸውን ሳትስም፣ እሳቸውም "እዴኪ" ሳይሉ አይለያዩም ነበር።

ሥራዬ አረጋውያንን መርዳት ስለሆነ የጥፍራቸውን መጥቆር ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ። ሐኪም ዘንድ እንዲሄዱ ለእትዬ ማሊ ነገርኳቸው። ሄደው ነበር ለካ። ሳንባቸው እየደረቀ ነው ተብለዋል። ለልጆቹ እንዳይነገር ብለው ነበር፤ ግን ምን ይደበቃል? መጀመሪያ ትራምፔታቸውን ማኅደሩ ውስጥ ተዉት። ቀጥሎ መዝፈን ተዉ። በኋላ በአፍንጫቸው የኦክሲጅን ቱቦ ገባ፤ የኦክሲጅኑን ጋሪ እየጎተቱ ይወርዳሉ። በእጃቸው ብቻ ነበር የሚያስተምሩት። መዳፋቸው ሲዘረጋ ልጆቹ አየር ይስባሉ፣ ሲታጠፍ ይለቃሉ። ለራሳቸው ያጡትን ትንፋሽ ለሌላው ሲያድሉ ማየት ከባድ ነበር። አንዳንድ ቅዳሜ ሥራ አለኝ ብዬ ሳልወርድ ቀርቻለሁ። ሶልያና አንድም ቀን አልቀረችም። ሌሎቹን የምትመራው እሷ ሆና ነበር።

አንድ ረቡዕ የሰጡኝን ምግብ ስመልስባቸው ምክንያቱን ጠይቀውኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ረቡዕም ሆነ ዓርብ የሥጋ ነገር ይዘው በሬን አላንኳኩም። እንዲህ ያሉ ሰው ነበሩ። የሰውን ነገር አንድ ጊዜ ሰምተው ይይዛሉ።

ለመጨረሻ ጊዜ ያወራነው አሳንሰር ውስጥ ነው። ቆም እያሉ ነበር የሚናገሩት። "ልጅሽ መመለስ ታውቃለች" አሉኝ። "መጠየቅ ነው የቀራት። ብቻዋን አትዘፍንም።" አሳንሰሩ እሳቸው ፎቅ ላይ ቆመ። በሩን በእጃቸው ያዝ አደረጉና "አትቸኩያት" አሉ።

ያረፉት ከዚያ ትንሽ ቆይተው ነው።

የሰማሁ ዕለት ከሥራ ስመለስ ምስርና ሽሮ ሠርቼ በድስት ይዤ ወረድኩ። ሐዘንተኛ ቤት እሳት አይነድም፣ ጎረቤት ነው የሚያበላው። እትዬ ማሊ ቤት ስገባ ግን ምድጃው ላይ ትልቅ ድስት ይንተከተካል። በእነሱ አገር ደግሞ ለቅሶ የመጣውን ሰው የሚያበላው ሐዘንተኛው ነው። እኔ እርስዎ ይብሉ እላለሁ፣ እሳቸው አንቺ ብዪ ይላሉ፤ ሁለታችንም ሰሐን ይዘን ቆምን። በመጨረሻ አንዲት ክዳን ያላት ትንሽ ድስት አወጡ። "ይህ ዓሣም እንቁላልም የለውም። የአንቺ ጾም መግባቱን ክሩ ነግሮኛል" አሉኝ። ተቀምጬ በላሁ። እሳቸውም የእኔን ሽሮ በሉ። ሁለታችንም አልጣመንም።

የእምነታቸው የቡድሃ መነኮሳት ለተከታታይ ምሽቶች ከጸለዩ በኋላ፣ በሥርዓታቸው አስከሬኑ ከመቃጠሉ በፊት ልጆቹ የዝናቡን ዘፈን እንዲጫወቱ ክሩ ተናዝዘው ነበር። ሶልያና ወጥ ቤታችን መጥታ አጠገቤ ቆመች።

"ማሚ፣ ጾም እንደሆነ አውቃለሁ። ኖ ካልሽ ኖ ነው። ግን ክሩ እኔን ነው የጠየቀኝ።"

ከአባቷ ሞት ወዲህ በአንድ ትንፋሽ ይህን ያህል ተናግራኝ አታውቅም።  በሁዳዴ ዘፈን ቤቴ ገብቶ አያውቅም። የንስሐ አባቴ ዘንድ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። 

"ዘፈን ነው ወይስ ለቅሶ?" አሉኝ።

አላውቅም አልኳቸው።

"እንግዲያውስ ሄደሽ ስሚ" አሉ።

ፊውነራል ሆም የሚሉት የአስከሬን መሰናበቻ አዳራሽ ትንሽ ነበር፤ እሱም አልሞላም። ነጠላዬን ደርቤ ከኋላ ተቀመጥኩ። ሣጥኑ አጠገብ የክሩ የወጣትነት ፎቶ ቆሟል፤ የሚያብረቀርቅ ኮት ለብሰው፣ ትራምፔት ይዘው፣ ፀጉራቸው ጥቁር። ልጆቹ በጎን ተሰለፉ። የክሩ የቀድሞ ጓደኛ የሆኑ አንድ ሽማግሌ አኮርዲዮን ይዘዋል። ዘፋኟ እትዬ ማሊ ናቸው፤ ሌላ ዘፋኝ የለም።

አኮርዲዮኑ መግቢያውን ተጫወተ። እትዬ ማሊ ከወንበራቸው ተነሡ። አፋቸውን ከፈቱ። ምንም አልወጣም። ሽማግሌው ዞረው እንደገና ከመግቢያው ጀመሩላቸው። እትዬ ማሊ ሣጥኑን ያያሉ፣ አፋቸው እንደተከፈተ ነው። ሽማግሌው ለሦስተኛ ጊዜ መግቢያውን ጀመሩ። እትዬ ማሊ ተቀመጡ።

ልጆቹ ትራምፔታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። ማንም አይነፋም። ፊት የተቀመጠ አንድ ሰው በእጁ ቀጥሉ፣ ቀጥሉ ይላቸዋል። ለእነሱ ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም። ትራምፔት አይጀምርም። ጠያቂ ሳይኖር መመለስን ከቶ አልተማሩም። አኮርዲዮኑ እየደከመ መጣ። ክሩ የፈለጉት አንድ ነገር ነበር፤ እሱም ራሳቸው ባስተማሩት ምክንያት ሊቀር ነው። አንገቴን ደፍቼ "እመቤቴ ሆይ" አልኩ።

ቀና ስል ሶልያና ትራምፔቷን ዝቅ አድርጋለች። ግራ እጇ ደረቷ አጠገብ ነው። አየር ሳበች።

"ዝናቡ መጣ ወይ?" አለች በታይላንድኛ።

የመጀመሪያው ቃል ተሰነጠቀባት። አልተወችውም። ድምፅዋ ወፍራም ሆኗል፤ ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። የልጅ ድምፅ ነበር የጠፋብኝ፣ የተመለሰው የትልቅ ሰው ነው። የመጨረሻውን ድምፅ ያለ ቃል ይዛ ጉሮሯ ውስጥ እያዞረች፣ እያዞረች ለቀቀችው። ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ። አባቷ የሞተ ጊዜ ሳሎናችን የተቀመጡት ሴቶች ያወጡት የነበረው ነው። ቆማ ስታይ ገብቷት ነበር ማለት ነው። ለንስሐ አባቴ የምነግራቸውን መልስ አገኘሁ።

ትራምፔቶቹ መለሱላት። ሰምተናል አሏት።

እስከ መጨረሻው ዘፈነችው። እንባ አላወጣችም፤ ያለቀሰ ከንፈር አይነፋም ብለው ክሩ አስተምረዋታል። ሲያልቅ ትራምፔቷን ወንበር ላይ አስቀምጣ ወደ ሣጥኑ ሄደች። እዚያ ስትደርስ ቆመች። የምትስመው ጉልበት የለም። ግራ ገብቷት ሣጥኑን ታያለች፣ ፎቶውን ታያለች። ከዚያ ዞራ እትዬ ማሊ እግር ሥር ጎንበስ አለችና ጉልበታቸውን ሳመች።

እትዬ ማሊ እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ። ምርቃቱን ከእኔ አልተማሩትም። ስንት ቅዳሜ ከባላቸው ጎን ቆመው ሰምተውት ነው።

"እዴኪ" አሏት።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀመጠች። የትራምፔት ማኅደሩ ጭኗ ላይ ነው። ውጭ የቆሸሸ በረዶ በየመንገዱ ዳር ተከምሯል። ልትተኛ መስሎኝ ነበር ራሷን ትከሻዬ ላይ ስታደርግ።

"አባዬ" አለች በአማርኛ። ከዚያ ሰውነቷ ሁሉ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ሰው ዞሮ ያየን ጀመር። ሰው ሲያለቅስ "በቃ፣ በቃሽ፣ አይዞሽ" ማለት ልማዳችን ነው፤ ቃሉ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። የክሩ የተዘረጋ መዳፍ ትዝ አለኝና ዋጥኩት። እጄን ጭኔ ላይ ዘርግቼ አየሯን እስክትጨርስ ጠበቅኋት።

መውረጃችን ደረሰ። በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ። አልወረድንም።